ቀብር የሌለው ሐዘን

ሞት ወግ አለው። ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያጽናናል፤ ቀናት ሲያልፉም ሐዘንተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል። ልጃቸው በሕይወት እያለ አንጎሉ የተጎዳባቸው ወላጆች ሐዘን ግን ወግም ቀጠሮም የለውም። የሚያለቅሱለት፣ ይሆናል ብለው ተስፋ ላደረጉት ልጅ ነው፤ በእጃቸው የሚያጎርሱት ግን ያለውን ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ፀሐፌ ተውኔት ፒተር ኒኮልስ (እ.ኤ.አ. 1927–2021) «ከጆ ኤግ ሞት አንድ ቀን» በተሰኘው ተውኔቱ መድረክ ላይ ያወጣው ይህንኑ ሐዘን ነው።

ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በግላስጎው ከተማ በሲቲዝንስ ቴአትር፣ በማይክል ብሌክሞር አዘጋጅነት ነበር። ደራሲው ራሱ ተመሳሳይ ጉዳት የነበረባት ልጅ አባት በመሆኑ ነገሩን የሚያውቀው ከውስጥ ነው።

ብራይ መምህር ነው። እርሱና ሚስቱ ሺላ የሚያሳድጓት የ10 ዓመቷ ጆሴፊን መራመድም ሆነ መናገር አትችልም፤ የሚጥል በሽታም ያሠቃያታል። ባልና ሚስቱ ኑሮውን የቻሉት በቀልድ ነው። ብራይ አንዴ ሐኪሙን፣ አንዴ ቄሱን እየሆነ ያለፈውን መከራ ከሺላ ጋር ደግሞ ይጫወተዋል፤ ወደ ተመልካቹም ዞሮ በቀጥታ ይናገራል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ወዲያውም በሳቁ ያፍራል። ቀልዱ ለእነዚህ ወላጆች የለቅሶ ሥርዐት ሆኖላቸዋል። ነገር ግን አያስማማቸውም፤ ሺላ ከልጅቱ ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ተስፋ ስትቋጥር ብራይ ተስፋውን ከቀበረ ቈይቷል።

የተውኔቱ ታላቅ ቅጽበት የመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ነው። በወንበሯ ላይ ተጠምዝዛ የቈየችው ጆ በድንገት ገመድ እየዘለለች ትገባለች፤ የዕረፍት ሰዓት መድረሱንም በአንደበቷ ታስታውቃለች። ማንም ስለ ሐዘኑ ንግግር አያደርግም። ወላጆቹ 10 ዓመት ሙሉ ያለቀሱላትን ልጅ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንዶች በዓይኑ ያያታል፤ ከዕረፍት ሲመለስም ያጣው እርሱ ራሱ ይሆናል።

በሁለተኛው ገቢር ሶሻሊስት ነኝ ባዩ ባለሀብት ፍሬዲ ከሚስቱ ከፓም ጋር ይመጣል። ፓም ልጅቱን ማየት አትፈልግም፤ ፍሬዲ ግን የተዘጋጀ መፍትሔ ይዟል። ክፉ ሰው አይደለም። ጉድለቱ ሳያደምጥ መምከሩ ነው። ሕዝብን አገለግላለሁ ብሎ የተነሣ ሁሉ በዚህ ገጸ ባሕርይ መስተዋትነት ራሱን ቢመረምር ይጠቀማል።

ተውኔቱ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። አባትየው ልጁን ለሞት አሳልፎ ሊሰጥ ይሞክራል፤ እርሷ ስትተርፍ ደግሞ ሚስቱን ጥሎ ይሄዳል። ኒኮልስ አይፈርድበትም፤ ይህ የደራሲ መብት ነው። ነገር ግን ጆ የምትናገረው በሌለችው ልጅ አካል ብቻ ስለ ሆነ፣ ያለችው ጆ ምን እንደሚያስደስታትና ምን እንደሚያማት ሳናውቅ መጋረጃው ይዘጋል። ለወላጆቿ እናዝናለን፤ እርሷን ግን ከሐዘናቸው ለይተን አንተዋወቃትም።

ቢሆንም ተውኔቱ ለመድረክ ሰዎች ጠቃሚ ትምህርት ትቷል። እንባ የሚለምን ቴአትር ተመልካቹን አስለቅሶ ያሰናብተዋል። ኒኮልስ ግን የሚያሰናብተው በሳቁ አሳፍሮ፣ በጎረቤቱ ደጅ ሲያልፍ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንዲያስብ አድርጎ ነው።