«ጎ ኦፍ» ማለት «ጠፋ» ነው? ዝርዝሮቹ የሚያስቀሩብን ነገር

የማስተርስ ትምህርቴን የጀመርኩ ሰሞን የላቦራቶሪያችን በር ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፦ «ኢፍ ዘ አላርም ጎዝ ኦፍ፣ ሊቭ ዘ ቢልዲንግ።» እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ከነበረው የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር «ጎ ኦፍ = ጠፋ» የሚለውን ሸምድጃለሁ። ስለዚህ «አላርሙ ከጠፋ ከሕንፃው ውጡ» ብዬ ተረዳሁት። አላርም በሌለበት መሥራት አደገኛ ስለሆነ ይሆናላ ብዬ ምክንያትም ፈጠርኩለት! መልእክቱ ግን ተቃራኒው ነው፦ አላርሙ ከጮኸ ውጡ።

ዝርዝሩ ዋሸኝ እንዴ? ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። «ዘ ላይት ዌንት ኦፍ» ሲባል መብራቱ ጠፋ ማለት ነው። «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» ሲባል ግን ደወሉ ጮኸ ነው። ቦምብ ሲሆን ፈነዳ፤ እንግሊዞች ስለ ወተት ሲሉት ደግሞ ተበላሸ። ግሱ ያው ነው፣ ትንሿ ቃልም ያችው ናት። ትርጉሙን የለየው አብሯቸው የመጣው ስም ነው። ዝርዝሩ ቆርጦ የሚጥለውም እሱኑ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «አለ» ማለት «ተናገረ» ነው፤ «ቁጭ አለ» ስንል ግን ማንም አልተናገረም። «መብራት ጠፋ» እና «ልጅ ጠፋ» ስንልም «ጠፋ» አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ከዝርዝር አልተማርነውም፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ሰምተን ነው የያዝነው።

በ2007 ጋርድነር እና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች 100 ሚሊዮን ቃላት የያዘውን የብሪቲሽ ናሽናል ኮርፐስ ፈትሸው ነበር። በብዛት የሚገኙት 100 ፍሬዛል ቨርቦች ዎርድኔት በተባለው የቃላት ቋት ውስጥ 559 ትርጉም አላቸው። እንግዲህ ለእነዚህ 100 ቃላት አንድ አንድ ትርጉም የሚሰጥ ዝርዝር 459ኙን ዘሏል ማለት ነው።

«ታዲያ 559ኙንም ልሸምድድ?» የሚል ካለ፣ አያስፈልግም። ብዙዎቹ እምብዛም አያጋጥሙም። በ2015 ጋርኒየር እና ሽሚት 150 ፍሬዛል ቨርቦችን መርጠው በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙትን 288 ትርጉሞች ብቻ አስቀሩ፤ ለእያንዳንዱ ትርጉምም ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ሰጡ። ስለዚህ ቅሬታዬ ዝርዝር በመኖሩ አይደለም። ስልካችን ላይ የሚዞሩት ዝርዝሮች ርዝመታቸውን ይዘው ምሳሌውን ስለሚጥሉ ነው።

ከምሳሌው ጋር የሚጠፋ ሌላም ነገር አለ፦ የቃላቱ ቦታ። «ተርን ኦፍ ዘ ማሺን» ትክክል ነው፤ «ተርን ዘ ማሺን ኦፍ»ም ትክክል ነው። ማሽኑን «ኢት» ብለን ስንተካው ግን «ተርን ኢት ኦፍ» ብቻ ነው የሚባለው። «ሉክ አፍተር» ደግሞ እንዲህ አይከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ኢት» ነው። «ተርን ኦፍ = አጠፋ» የሚል መስመር ይህን ከየት አምጥቶ ይነግራችኋል?

እኔ ዝርዝሬን አልጣልኩትም፣ አስተካከልኩት። «ጎ ኦፍ» አጠገብ የነበረውን «ጠፋ» ሰርዤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ አንድ የመብራት፣ አንድ የወተት፣ አንድ የአላርም። እናንተም ዛሬ ከዝርዝራችሁ አንዱን መስመር እንዲህ ሞክሩት። አላርም ሲጮህ እኮ መዝገበ ቃላት የሚገለጥበት ጊዜ የለም።