የጤና መድን የክፍያ ጥያቄ በኤሌክትሮኒክ ሲተላለፍ ወጪውን ማን ይሸከም?

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፥ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ፤ ወደ ጐንደርና ወደ ሰሜን ጐንደር ደጋ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ መዋጮው ልክና ስለ አባላቱ ብዛት ብዙ ተብሏል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን አንድ የተዘነጋ ነገር ነው፤ ይኸውም የጤና ድርጅቱ አባሉን ካከመ በኋላ ለመድኑ የሚያቀርበው የክፍያ ጥያቄ ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲዛወር ወጪው በማን ላይ መውደቅ እንደሚገባው ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንግለጽ። አባሉ የመታወቂያ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ በዕለቱ ገንዘብ ሳይከፍል ይታከማል። የጤና ድርጅቱም የምርመራውንና የመድኃኒቱን ሒሳብ እየመዘገበ ይቈይና በውሉ በተወሰነው ጊዜ ሰብስቦ ለመድኑ ያቀርባል። መድኑ ሒሳቡን መርምሮ፥ የማይገባውን ቀንሶ ይከፍላል። የደባርቅ፥ የዳባት፥ የጃናሞራና የበየዳ ሰው ሕመሙ ሲጠናበት ወደ ጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስለሚላክ፥ የዚህ ሆስፒታል ሒሳብ የሚመለከተው አንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። ከጐንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የደጋ መንገድ ደግሞ ለክረምት የሚመች አይደለም። ስለዚህ የወረቀት ክምር ከማመላለስ ይልቅ ሒሳቡን በኤሌክትሮኒክ መላክ እንደሚሻል አያከራክርም።

የሚያከራክረው ዋጋው ነው። ኮምፒዩተር ይገዛል፤ ፕሮግራም ይሠራል፤ ኢንተርኔት ይከፈልበታል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ መዝጋቢ ይቀጠራል፥ ይሠለጥናል። በዚህ ረገድ ሲሰጡ የሰማናቸውን ሁለት አስተያየቶች ከዚህ በታች እንተቻለን።

የመጀመሪያው አስተያየት፥ «ገንዘቡን የሚቀበለው የጤና ድርጅቱ ስለ ሆነ ወጪውንም እሱ ይቻል» የሚል ነው። ይህ ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከሕክምና የሚያገኙትን ገቢ ለራሳቸው አስቀርተው ለመድኃኒትና ለዕቃ መግዣ እንዲያውሉት የተፈቀደላቸው ለሕሙማኑ ጥቅም ሲባል ነው። ከዚህ ገንዘብ ላይ የኢንተርኔትና የጥገና ወጪ ሲነሣ መድኃኒቱ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሲቀንስ አባሉ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለው ገበሬ ለሁለተኛ ጊዜ ከኪሱ ሲያወጣ በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን የሚያድስበት ምክንያት አይታየውም። እንግዲህ ከጤና ጣቢያው የተወሰደው ገንዘብ ዞሮ የሚጐዳው መድኑን ራሱን ነው።

የሌላ አገር ልምድም ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት የተደነገገው ደንብ፥ መድን ሰጪው ሐኪሙን በአማካይ ድርጅት በኩል ሒሳቡን እንዲያስተላልፍ ካስገደደው፥ በቀጥታ ቢልክ ከሚያወጣው የመደበኛ ግንኙነት ወጪ በላይ እንዳያስከፍለው ይከለክላል። ይሁን እንጂ ክፍያው ራሱ በኤሌክትሮኒክ ሲተላለፍ አንዳንድ አማካይ ድርጅቶች ከመቶ ከ2 እስከ 5 ይቈርጡብናል እያሉ ሐኪሞች ያማርራሉ። ከዚህ የምንማረው፥ ወጪው በአንድ በር ሲከለከል በሌላ በር እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ደንቡ ጥያቄው የሚላክበትን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚመለስበትን መንገድ ጭምር ማካተት አለበት።

ሁለተኛው አስተያየት፥ መዋጮው ላይ ጥቂት ብር ተጨምሮ አባላቱ ይክፈሉት የሚል ነው። የዚህ አስተያየት ደጋፊዎች ዕድርን በምሳሌነት ያነሣሉ፤ የዕድሩ መዝገብ የሚገዛው ከአባላቱ ሣጥን ነውና። ምሳሌው ግን አይገጥምም። የዕድር አባል መዝገቡን ያያል፤ ጸሐፊውን ይመርጣል፤ ካልተስማማው ይሽራል። የመድኑ አባል ግን ፕሮግራሙን አይመርጥም፤ ከሚሠራው ድርጅት ጋር አይዋዋልም፤ ዋጋውንም አይከራከርም። ባላዘዘው ዕቃ ዋጋ ማስከፈል ተገቢ አይደለም። ከዚህም በላይ መዋጮው የሚሰበሰበው ለሕክምና ነው።

በእኛ አስተያየት ወጪው የመንግሥት መሆን አለበት። ይህንንም የምንለው እንዲያው በልማድ ሁሉን ነገር ከመንግሥት ለመጠበቅ አይደለም። መድኑ ሲቋቋም የወረዳው የመድን ሠራተኞች ደመወዝ ከመንግሥት በጀት እንዲከፈልና መዋጮው ለሕክምና ብቻ እንዲውል ታስቦ ነበር፤ በሙከራው ጊዜ መንግሥት ከመዋጮው ከመቶ 25 የሚሆን አጠቃላይ ድጎማም ይጨምር ነበር። የክፍያ ጥያቄን መቀበልና መመርመር የአስተዳደር ሥራ ነው፤ መሣሪያው ከብዕር ወደ ኮምፒዩተር ስለ ተለወጠ የሥራው ባሕርይ አልተለወጠም። አሠራሩን የሚያዘውና በምርመራው ፍጥነት ይበልጥ የሚጠቀመውም መድኑ ነው።

«መንግሥት» ስንል ግን ወረዳውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ፕሮግራም ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ጥያቄው ጥቂት ቢሆንም ብዙ ቢሆንም አይራራቅም። ስለዚህ በየወረዳው ቢከፋፈል ከጐንደር ከተማ ይልቅ በጃናሞራና በበየዳ ላይ ይከብዳል። ፕሮግራሙን የኢትዮጵያ የጤና መድን አገልግሎት ለሁሉም አንድ አድርጎ ቢያዘጋጅ፥ መሣሪያውንና ኢንተርኔቱን ክልሉ ቢችል፥ ለወረዳው የሠራተኛው ደመወዝ ብቻ ቢቀርለት ሸክሙ እንደየዐቅሙ ይደለደላል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ ይኸውም የጤና ድርጅቱ ምንም ካልከፈለ ለምዝገባው ጥራት አይጨነቅም የሚል ነው። ለዚህ መልሳችን፥ ድርጅቱ ከወጪ ፈጽሞ ነጻ ይሁን አለማለታችን ነው። ሕመምተኛውን በትክክል መመዝገብ የሕክምናው አካል ስለ ሆነ የራሱ ግዴታ ነው፤ በራሱ ቸልተኝነት የተበላሸውን ሒሳብ እንደገና የማዘጋጀት ድካምም የራሱ ይሁን። በአንጻሩ በትክክል የቀረበለትን ጥያቄ መድኑ በተወሰነ ቀን መክፈል ይገባዋል፤ ክፍያ ሲዘገይ መዘግየቱ ራሱ በጤና ጣቢያው ላይ የተጫነ ስውር ወጪ ነውና።

በመጨረሻም ስለ ደጋው ሁኔታ አንድ ማሳሰቢያ እናክላለን። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቈይቷል። ስለዚህ መስመር በሚቋረጥበት ጊዜ የወረቀቱ ጥያቄ ያለ መቀጫና ያለ ቀን ገደብ ተቀባይነት እንዲኖረው በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ይህ ካልሆነ የመስመሩ መቋረጥ ዕዳ በጤና ጣቢያው፥ በመጨረሻም በሕመምተኛው ላይ ይወድቃል። የጤና ትምህርት ባልደረቦቻችን አንድ ጥያቄ ለማዘጋጀት በየጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቆጥረው ቢያቀርቡልን፥ ክርክሩ ከአስተያየት ወደ ሒሳብ ይሻገራል።