በሰው ብዕር የደመቀ

የወንጀል ምርመራ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ «ገዳዩ ማነው?» በሚል ጥያቄ ተመልካቹን ሰቅዞ ይይዛል፤ መልሱ ሲገኝ ድራማውም አብሮ ይረሳል። «ኮሎምቦ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ግን ገዳዩን ገና ከጅምሩ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1971 በኤን.ቢ.ሲ. የታየው፣ ስቲቨን ቦችኮ የደረሰውና ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ያዘጋጀው «መርደር ባይ ዘ ቡክ» የተባለው ክፍል ደግሞ ከዚህም አልፎ «የሥራው ባለቤት ማነው?» ሲል ይጠይቃል።

ጂም ፌሪስና ኬን ፍራንክሊን የወንጀል ልብ ወለዶችን በጋራ ስም የሚያሳትሙ ጓደኛሞች ናቸው። የሚጽፈው ግን ፌሪስ ብቻ ነው፤ የፍራንክሊን ድርሻ በሕዝብ ፊት መታየትና ገንዘቡን መካፈል ነው። ፌሪስ ብቻውን ለመሥራት በቆረጠ ጊዜ ፍራንክሊን ይገድለዋል።

ስፒልበርግ ይህን የኑሮ ልዩነት በቃል ከመነገሩ በፊት በድምፅ ያስጨብጣል። በመክፈቻው ትዕይንት የፍራንክሊን መኪና ሲቃረብ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ሳይሆን የፌሪስ የጽሕፈት መኪና ምት ነው። ሠሪው ከሥራው ቀና ሳይል ሞት በሩ ላይ ይደርሳል።

የትወናውም ተቃርኖ ይህንኑ ያጎላል። ጃክ ካሲዲ የተጫወተው ፍራንክሊን ፈገግታው እንደ ልብሱ የተተኮሰ ነው። ፒተር ፎክ የተጫወተው መርማሪ ኮሎምቦ ግን በተጨማደደ የዝናብ ካፖርቱ ወደ ሟቹ ቤት ገብቶ ለባለቤቱ እንቁላል ይጠብሳል።

ፍራንክሊን ምስጢሩን ያወቀችበትን ባለሱቅ ሴት ሲገድል ኮሎምቦ የሁለቱን ግድያዎች አሠራር እንደ ሃያሲ ያመዛዝናል። የመጀመሪያው የረቀቀ፣ ሁለተኛው የተዝረከረከ ነው፤ እንግዲህ የሁለቱ ሴራ ምንጭ አንድ ሊሆን አይችልም። የሟቹን ወረቀቶች ሲያገላብጥም የመጀመሪያውን ግድያ ውጥን ተጽፎ ያገኘዋል።

ወረቀቱ ለፍርድ ቤት ደካማ ማስረጃ ነው ብሎ መተቸት ይቻላል። ይሁንና የድራማው ብርታት እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ለፌሪስ ሲሰጥበት ፍራንክሊን አይችለውም፤ ያ ውጥን በሕይወቱ ያፈለቀው ብቸኛ መልካም ሐሳብ የራሱ እንደሆነ ይናገራል። ሃያሲው መርማሪ በባለቤትነቱ ቢሳሳትም በሰውየው ማንነት አልተሳሳተም። ሐሳቡን ከዓመታት በፊት ሰምቶ በወረቀት ያሰፈረው ያው ታታሪው ፌሪስ ነውና፣ ገዳዩን የያዘው የሟቹ የሥራ ልማድ ሆነ። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው ብሂል ከዚህ የላቀ ምስክር አይሻም።