ያልተጠቀሰው አኃዝ

ሐያሲ ብዕሩን በልቦለድና በግጥም ላይ ማሳረፍ ልማዱ ነው። የኮምፒውተር መመሪያም ግን መጽሐፍ ነው፤ አንባቢ አለው፤ የሚነግረውና የሚዘለውም ነገር አለው። እዚህ የምመለከተው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለ ቁጥር ምልክቶች የሚሰጠውን ማብራሪያ ነው።

የግዕዝ ፊደል ከነአኃዙ በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፓይተንም በ2008 በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ መያዝ ጀመረ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

«ኢዝዲጂት» የተባለው ትእዛዝ አንድ ምልክት አኃዝ መሆኑን ይመረምራል። ፩ን ቢያቀርቡለት «አዎን» ይላል። ያንኑ ፩ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለሚለውጠው «ኢንት» ቢሰጡት ግን ስሕተት ብሎ ይመልሰዋል። ፲ ደግሞ በመጀመሪያው ፈተና ይወድቃል፤ የሚቀበለው «ኢዝኒውሜሪክ» የተባለው ሌላ መርማሪ ነው።

አሠራሩን አልነቅፍም። አኃዛችን ዜሮ የለውም፤ ፳፻፩ የሚሰላው ሃያ ጊዜ መቶ ሲደመር አንድ ተብሎ ነው። በዐሥር ቤት ብቻ የሚቈጥር መሣሪያ ይህን አልቀበልም ቢል ልክ ነው። ጉድለቱ በማብራሪያው ላይ ነው። መመሪያው በዐሥር ቤት የማይሰሉ አኃዞች መኖራቸውን ሲናገር በምሳሌነት የሚጠራው የካሮሽቲን ቁጥሮች ነው፤ በጥንታዊት ጋንዳራ ይጻፍበት የነበረ፣ ጸሐፊ ካጣ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው ፊደል። ዛሬም በግድግዳ የቀን መቁጠሪያና በዳዊት መዝሙራት ራስ ላይ የሚታተመው የግዕዝ አኃዝ በዚያ ስፍራ አልተነሣም።

ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍሁት። በስደት ያደገ ልጅ ለአጥቢያው የዳዊት ማውጫ ሊያዘጋጅ ተነሥቶ ፩ ላይ ቢሰናከልና መመሪያውን ቢገልጥ፣ ስለ ካሮሽቲ የተጻፈው የእርሱንም ጉዳይ እንደሚመለከት በምን ያውቃል? ጥፋቱን በራሱ ወይም በአያቶቹ ፊደል ላይ ያሳብባል።

መድኃኒቱ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው፦ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን «ኢዝዲጂት» ያሳልፋቸዋል፤ «ኢንት» አይቀበላቸውም፤ ከ፲ ጀምሮ ያሉትን «ኢዝኒውሜሪክ» ያውቃቸዋል፤ የሙሉውን ቁጥር ዋጋ ግን ፕሮግራም ሠሪው ራሱ ያስላ። ይህ ማብራሪያ ደግሞ ማንም እርማት ሊያቀርብበት የተከፈተ ነው። ስለዚህ የወቀሳው እኩሌታ ወደ እኛ ይመለሳል፤ አኃዙን የምናውቀው እኛ ነንና።