የፋይዳ ቁጥርና የታካሚ ምስጢር

ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቆቃ ብዙ መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ዓሣ አስጋሪውን፣ የመስኖ እርሻው የቀን ሠራተኛውን፣ አውራ ጎዳናው ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሩን ያመጡባታል። እንዲህ ባለ ከተማ የሠራ የጤና ባለሙያ በሰፈራቸው ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈው የሚመጡ ታካሚዎችን ያውቃል። ብዙዎቹን የሚያመጣቸው የተሻለ ሕክምና ፍለጋ ሳይሆን የሚያውቃቸው ሰው አለመኖሩ ነው። በተለይ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው የትራንስፖርት ወጪ ችሎና የሥራ ቀኑን አጥቶ ጎረቤቱን ወደማያገኝበት ከተማ መሄዱ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ለእርሱ ምስጢር ጠባቂው ርቀቱ ነው።

ይህን ርቀት ትርጉም ሊያሳጣው የሚችል ሥርዓት አሁን በመስፋፋት ላይ ይገኛል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተሰጠው ዲጂታል መታወቂያ፣ በስሙ «ፋይዳ»፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን የአይሪስ ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ወስዶ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል። ባንኮች ቁጥሩን መጠየቅ ጀምረዋል፤ ከጤና አገልግሎት ጋር የማስተሳሰሩ ሐሳብም ቀርቧል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ካርዱ በጠፋ ቁጥር አዲስ ማኅደር የሚከፈትለት ታካሚ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ታሪኩ የሚጠፋበት ሠራተኛ፣ አንድ ቋሚ መለያ ቢኖረው ይጠቀማል። ብሔር በመታወቂያው ላይ አለመስፈሩም ከቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ አንጻር ሲታይ የሚመሰገን እርምጃ ነው።

ነቀፌታው የሚጀምረው ይኸው ቁጥር የባንክ ሒሳብም፣ የስልክ መስመርም፣ የሕክምና ማኅደርም ቁልፍ ሲሆን ነው። በተለያየ ቦታ ተበታትኖ የነበረ መረጃ በአንድ ቁጥር ከተያያዘ፣ አንዱን በር የከፈተ ሰው ሌሎቹንም ለመክፈት ይቀለዋል። የይለፍ ቃሉ የተሰረቀበት ሰው ይለውጠዋል፤ የጣቱ አሻራ የተሰረቀበት ሰው ግን ሌላ ጣት አያበቅልም።

ይህ ሥጋት ከምናብ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በሲንጋፖር ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የሚገኝ የ14,200 ሰዎች ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክና የምርመራ ውጤት በኢንተርኔት መውጣቱ ተገልጿል። የአገሪቱ ባለሥልጣናት እንዳስታወቁት መረጃው ያመለጠው መዝገቡን የማየት ፈቃድ ከነበረው ሐኪም እጅ ነው። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 «ሁዱማ ናምባ» የተባለውን የባዮሜትሪክ መታወቂያ ሥራ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወስኗል፤ ምክንያቱም በዜጎች ምስጢር ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ አለመጠናቱ ነበር። ሲንጋፖር ሠራተኛው ሊጠበቅ እንደሚገባ፣ ኬንያ ደግሞ ጥናቱ ከምዝገባው መቅደም እንዳለበት ያስተምራሉ።

ሐኪም ሊያነሣው የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። የሰው ገላ ሁልጊዜ ለመሣሪያ አይታዘዝም። ዓመት ሙሉ አፈር የሚቆፍርና ሽንኩርት የሚነቅል ሰው የጣቱ መስመር ይፋቃል። የሥጋ ደዌ ጣትን ይነሣል፤ በትራኮማ የጠባሰሰ የዓይን ብሌን አይሪስን ይጋርዳል። ካፔሲታቢን የተባለው የካንሰር መድኃኒት አሻራን ሊያጠፋ እንደሚችልም እ.ኤ.አ. በ2009 በሕክምና መጽሔት ላይ ተዘግቧል፤ ታካሚው በዚሁ ሰበብ የአሜሪካ መግቢያ በር ላይ ለሰዓታት ተይዞ ነበር። እንግዲህ ሕክምና ለማግኘት አሻራ ግዴታ ቢሆን በቅድሚያ የሚገፋው ሐኪም ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ይሆናል።

ሕጉ ዝም አላለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤናንና የባዮሜትሪክ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ወገን መድቧቸዋል። ነገር ግን አዋጅ ካርድ ክፍል ውስጥ ቆሞ አይጠብቅም። በብዙ ጤና ተቋማት አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሠራተኞች ይሠራል፤ መዝገቡ ተገልጦ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ የታካሚው ስም በኮሪደር ከነክፍሉ ይጠራል። ይህ ልማድ ሳይታረም ብሔራዊ ቁጥር ቢጨመርበት፣ ትናንት በአንድ ኮሪደር ይሰማ የነበረው ነገ አገር የሚሰማው ይሆናል።

መፍትሔው ሥርዓቱን ማፍረስ አይደለም። ፋይዳ የተገነባበት «ሞሲፕ» የተሰኘው ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ የተለየ ምትክ መለያ ለመስጠት የሚያስችል ነው፤ ስለዚህ የጤና ማኅደር ከባንኩ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ ግዴታ አይደለም። በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ክፍል የሚሠራበት የተለየ የታካሚ ቁጥርም ተለይቶ ሊቆይ ይገባዋል። የአእምሮ ሕክምናና የሥነ ተዋልዶ ጤና መዝገቦችም እንዲሁ። ማኅደሩን ማን፣ መቼ እንደከፈተው የሚመዘግብ ሥርዓት መኖር አለበት፤ ታካሚውም ይህን የመጠየቅ መብት ሊኖረው ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ቁጥር የሌለው ወይም ጣቱ ያልተነበበ ሰው ሳይታከም የማይመለስ መሆኑ በጽሑፍ መደንገግ ይኖርበታል። እነዚህን ጥያቄዎች የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻውን ሊያነሣቸው አይችልም፤ ታካሚው ምን እንደሚፈራ የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ነውና።

ምስጢሩ እንዳይወጣ የሰጋ ታካሚ አቤቱታ አያቀርብም፣ ሰልፍም አይወጣም። የቀጠሮው ቀን ይደርሳል፤ እርሱ ይቀራል። በመዝገቡም ላይ «መድኃኒት ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ለምን እንዳቋረጠ የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለም።