ጥለቱ ሲወደስ የተረሳው ጥልፍ

ስለ አገር ልብስ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ከሸማኔው ጉድጓድ አይወጣም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ የጥለቱ ስፋት፣ የሳባው ቀለም በተደጋጋሚ ተተንትኗል፤ ይገባዋልም። ጥልፍ ግን «ማስዋቢያ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ከመቅደላ እስከ መካነ ሰላም ላለው የወሎ ደጋ ይህ ሚዛን የተዛባ ነው።

ዋናው ማስረጃ ያለው ለንደን ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ሲዘረፍ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስም አብሮ ተወሰደ፤ በኅብረ ቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በግንቦት መንገድ ላይ አረፉ። ቀሚሱን የያዘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን ቅርሶች ለሕዝብ ሲያሳይ ክርክሩ በወርቁ ዘውድ ዙሪያ ዞረ። ቀሚሱን ማን እንደጠለፈው፣ ሴት ትሁን ወንድ፣ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጥልፍ ከማስዋቢያ በላይ መሆኑን ለመረዳት የሰንሰለት ስፌትን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል። መርፌዋ ከሥር ትወጣለች፤ ክሩ በአውራ ጣት ተይዞ ቀለበት ይሠራል፤ መርፌዋ በወጣችበት ቀዳዳ ተመልሳ ገብታ ትንሽ ፈቀቅ ብላ በቀለበቱ ውስጥ ብቅ ትላለች። ተከታዩ ቀለበት የፊተኛውን ስለሚይዘው መስመሩ ሳይቆረጥ እንደልቡ ይታጠፋል። ጥለት በድርና በማግ የታሰረ ነውና ይህን አይችልም፤ አንገት ላይ ሲደርስ ተቆርጦ መሰፋት አለበት። ጥልፍ የአንገቱን ክብ ይዞርና በደረቱ ስንጥቅ ይወርዳል። ስንጥቁ እናት ስታጠባ የሚከፈት፣ ቶሎ የሚተረተር ቦታ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው ጥልፍ ጠርዙን አጥብቆ ይይዘዋል። የጠላፊዋን እጅ ጥራት ለማወቅ ቀሚሱን መገልበጥ ይበቃል፦ የጎበዝ ጠላፊ ግልባጭ ንጹሕ አጫጭር መስመር ነው፤ ክሩ ከአበባ ወደ አበባ እየዘለለ አይጎተትም።

የደረቱን ጥልፍ ሁሉ መስቀል ነው ብሎ መፍታት ሌላው ስንፍና ነው። እስላሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በሆነበት በወሎዎቹ ቦረናና ሳይንት፣ ቅርጹን ከእምነት ይልቅ የስንጥቁ አወራረድ የወሰነበት ጊዜ ብዙ ነው እላለሁ።

ጥልፍን በየመንደሩ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል የሌላ አገር ምሳሌ ያሳያል። በፖላንድ ካሹብ አገር ቴዎዶራ ጉልጎቭስካ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1906 በቭድዚዜ መንደር ሙዚየም መሥርታ ለአካባቢው ሴቶች ጥልፍ አስተማረች፤ ዛሬ የቭድዚዜው ከዡኮቮው፣ ከፑትስኩ ተለይቶ ይታወቃል። እኛ ቦረናን፣ ለጋምቦን፣ ወረኢሉን «የወሎ ቀሚስ» ብለን በአንድ ስም እንጠቀልላለን።

የኮምፒውተር ጥልፍን ርካሽነት አልነቅፍም፤ ብዙ ሴቶችን አልብሷል። ነገር ግን ከሥሩ የሚደረገው ደጋፊ ጨርቅ ደረቱን እንደ ካርቶን ያደርቀዋል፤ ቀሚሱ ገላን ተከትሎ አይወርድም። የኮምፒውተሩን ሥራ በኤግዚቢሽን «የእናቶቻችን ጥልፍ» ብሎ መስቀል በእናቶቻችን ላይ የሚፈጸም በደል ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። በየቤቱ ሣጥን የተቀመጡትን አሮጌ ቀሚሶች ፊታቸውንም ግልባጫቸውንም ፎቶ አንስቶ፣ የጠላፊዋን ስምና መንደር መመዝገብ ለአንድ የትምህርት ክፍል የማይከብድ ሥራ ነው፤ ከመጪው በጋ ማለፍ የለበትም።