መስቀል፣ ጥላሁንና የበርሊኑ ውል

ከሳሪስ ወደ ስታዲየም በሚወጣ የጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው «ዛሬ በታሪክ» ሲል ወሬ ጋብ ይላል። ጦርነት፣ ስምምነት፣ የንግሥና በዓል ይዘረዘራል፤ ከዚያ «በዛሬዋ ዕለት የተወለደው ድምፃዊ» ይባልና ዘፈኑ ይለቀቃል። ታሪክ እንዲህ ከነማጣፈጫው ሲቀርብ ማን ይጠላል?

ከሁሉ የሚያስደምመው ግጥምጥሞሽ የጥላሁን ገሠሠ ነው። የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። በዚያችው ቀን በርሊን ላይ ጀርመን፣ ጣሊያንና ጃፓን የሦስትዮሽ ውላቸውን ፈረሙ። አዲስ አበባ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ወራሪው ወዳጅ ሲያበዛ፣ በያዛት ከተማ ውስጥ ኋላ የክብር ዘበኛን መድረክ የሚያደምቅ ሕፃን እያለቀሰ ነበር። ጥላሁን ያረፈውም በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ነው። በበዓል መጥቶ በበዓል ሄደ።

ማህሙድ አህመድ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 30 ተወለደ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሦስት ቀን።

ከውጭ ድምፃውያን ደግሞ የቦብ ማርሌይ ልደት ጥር 29 ነው። 60ኛው በ1997 ዓ.ም. እዚሁ መስቀል አደባባይ በታላቅ ኮንሰርት ተከብሯል።

አንድ ነገር ግን አለ። መስከረም 17 በየአራት ዓመቱ ሴፕቴምበር 28 ላይ ይውላል፤ ያኔ በኢትዮጵያ ቀን የሚታሰበው ጥላሁንና በፈረንጆች ቀን የሚታሰበው የበርሊኑ ውል በአንድ ቀን ርቀት ይለያያሉ። አዘጋጆች ሆይ፣ ሁለቱንም የቀን አቆጣጠር ንገሩን፤ ዘፈኑንም ሳይቆረጥ አሰሙን።